ሲቀዘቅዝ የሚሰበር ብረት፦ ፎስፈረሱን መለየት፣ ስላጉን መመዘን

እቶን ላይ እንደ ሰም ተለሳልሶ የተቀጠቀጠ ብረት፣ ማረሻ ሆኖ ድንጋይ ሲነካ ቀጭ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፎስፈረስ ነው። ድኝ የበዛበት ብረት ገና ቀይ እያለ መዶሻ ሲያርፍበት ይሰነጠቃል። ፎስፈረስ የበዛበት ግን በትኩሱ ምንም አያሳይም፤ የሚከዳው ሲቀዘቅዝ ነው። ለተራ ብረት በአብዛኛው የሚፈቀደው ከ0.04 እስከ 0.05 በመቶ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ለማረሻም ለመጥረቢያም አይሆንም።

ጎንደር ውስጥ ቀጥቃጩ ከቆራሌ የሚገዛው ቁርጥራጭ የላብራቶሪ ወረቀት ይዞ አይመጣም። ስለዚህ በእጅ መለየት ግድ ነው።

ከዘንጉ አንድ ስንዝር ያህል ቁረጡ። ብርቱካንማ ቀይ እስኪሆን፣ 900 ዲግሪ ገደማ፣ አግሉትና ደረቅ አመድ ውስጥ ቅበሩት፤ እስኪቀዘቅዝ አትንኩት። ቀድሞ ውሃ የጠጣ ወይም ከመጠን በላይ ግሎ የነበረ ብረት ያለ ፎስፈረስም ይሰበራል፤ ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ደህና ባሌስትራ ይጥላል። ከዚያ ከውፍረቱ ሩብ ያህል በመጋዝ ገዝግዙት፣ ሞርሳ ላይ እሰሩትና ግዝግዙ በሚከፈትበት አቅጣጫ በመዶሻ ምቱት። በጠዋቱ ብርድ ብትሞክሩት ይሻላል፤ ጉድለቱ ያኔ ቶሎ ይታያል።

ደህናው ታጥፎ ታጥፎ ነው የሚቀደደው፤ ስብራቱም ግራጫና ጭረታማ ነው። ፎስፈረስ ያለበት ሳይታጠፍ ይቆረጣል፣ ስብራቱ ላይም ትላልቅ የሚያብለጨልጩ ቅንጣቶች ይታያሉ። ካርቦን የበዛበትም ሊሰበር ስለሚችል ሌላ ቁራጭ አግላችሁ ውሃ አጠጡት፦ ሞረድ ካንሸራተተ ካርቦን ነው፤ ሞረድ በቀላሉ ከበላው ግን ጥርጣሬው ወደ ፎስፈረስ ያዘነብላል። በድንጋይ ሞተር የሚወጣው ብልጭታ ካርቦንን እንጂ ይህን አይናገርም። ተለይቶ የወጣውን አትጣሉት፤ ለመስኮት ፍርግርግና ለአጥር ይበቃል፣ ዝገትንም በመጠኑ ይቋቋማል።

ደጋግሞ ማጋልና ማጠፍ ፎስፈረስን አያወጣም። የሚወጣው ብረቱ ቀልጦ፣ ኦክስጅን አግኝቶ፣ ከኖራ ጋር ሲገናኝ ነው፤ ያኔ የካልሲየም ፎስፌት ሆኖ ወደ ስላጉ፣ ማለትም ወደ ብረቱ አር፣ ይገባል። ሙቀቱ እጅግ ከበዛ ሥራው ይዳከማል። ስላጉ ሳይጠረግ ኦክስጅኑን ለማስወገድ ፌሮሲሊኮን ወይም አሉሚኒየም ከተጨመረ ደግሞ ፎስፈረሱ ተመልሶ ብረቱ ውስጥ ይገባል። የውስጥ ሽፋኑ ሲሊካ የሆነ፣ በኤሌክትሪክ የሚያቀልጥ ኢንዳክሽን ምድጃ ይህን ሥራ አይችልም፣ ኖራው ሽፋኑን ይበላዋልና፤ በቁርጥራጩ የገባው ፎስፈረስ ሳይቀንስ ከዚያ በሚሠራው የግንባታ ፌሮ ውስጥ ይቀራል። የእንግሊዞቹ ቶማስና ጊልክራይስት ዘዴ፣ እ.ኤ.አ. በ1879 በሚድልስብሮ በተግባር የታየው፣ ዋናው ነገሩ ሽፋኑን ኖራ ወደማይበላው ድንጋይ፣ ወደ ዶሎማይት፣ መቀየር ነበር። የዚያ ስላግ ከ15 እስከ 20 በመቶ ፎስፈረስ ፔንቶክሳይድ (የማዳበሪያ ፎስፈረስ የሚለካበት ውህድ) ስለነበረው ተፈጭቶ ማዳበሪያ ሆነ።

ዛሬ ግን ስላግ ሁሉ ማዳበሪያ አይደለም፤ ከመግዛታችሁ በፊት አስሉ። አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ 38 ኪሎ ፎስፈረስ ፔንቶክሳይድ ይዟል። ያንኑ ለማግኘት 17 በመቶ ካለው የቶማስ ስላግ 224 ኪሎ ይበቃል። የዛሬው፣ ኦክስጅን እየተነፋ ብረት የሚጣራበት ምድጃ ስላግ 2 በመቶ ቢኖረው ግን 19 ኩንታል ይፈልጋል፤ ለፎስፈረሱ ብሎ ጎንደር ድረስ ማስጫን ለመኪና ኪራይ መሥራት ነው። ጥቅሙ ኖራው ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 40 በመቶና ከዚያ በላይ ስለሚሆን፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ5.5 በታች ለወረደ አሲዳማ የደጋ መሬት ይረዳል። እንደ ዱቄት መድቀቅ አለበት፣ ክሮሚየሙም አስቀድሞ ይመርመር። የሲሊካ ኢንዳክሽን ምድጃ ስላግ ማሳ ላይ አይበተን፤ ኖራም ፎስፈረስም የሚባል የለውም።

ቅርብ ያለው ፎስፈረስ የሉካንዳው አጥንት ነው። ሥጋና ስቡ ተቃጥሎ አልቆ፣ አጥንቱ ግራጫ ሆኖ በእጅ ሲሰበር አውጡት። ነጭ እስኪሆን ማቃጠል ጉዳት አለው፤ ሙቀቱ በበዛ ቁጥር አፈር ውስጥ መሟሟቱ ይቀንሳል። ወቅጣችሁ በወንፊት ንፉና ከዘር በፊት ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉት። የሚሠራው በአሲዳማ መሬት ላይ ነው፤ አሲድነት በሌለው ዋልካ ላይ ግን ለዓመታት ሳይሟሟ ሊቀመጥ ይችላል። ኖራና አጥንት በአንድ ወቅት አንድ ቦታ ላይ አትጨምሩ፤ ኖራው አሲዱን ሲያጠፋው አጥንቱን የሚያሟሟው ይጠፋል።