የእንግሊዝኛ ብርቅ ቃላትን በላቲን ሥሮቻቸው ስታጠኑ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ለጂአርኢ ወይም ለኤስኤቲ (ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መግቢያ ፈተናዎች) የሚዘጋጅ ተማሪ የላቲን ሥሮች ዝርዝር መያዙ ደግ ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ዝርዝሩን እንደ መዝገበ ቃላት ሲቆጥረው ነው።

ከሁሉ የባሰው የቃሉን መልክ አይቶ ፍቺውን መገመት ነው። «ኤነርቬት» ሲያጋጥመው «ኢነርጂ» ትዝ ይለውና «ማነቃቃት» ብሎ ያልፋል። ፍቺው ግን ተቃራኒው ነው፦ ማዳከም፣ አቅም ማሳጣት። በላቲን «ኤ» ከውስጥ መውጣትን ያሳያል፣ «ኔርቩስ» ጅማት ነው፤ ጅማቱ የወጣለት ሰው ምን ጉልበት ይኖረዋል? «ኢነርጂ» የመጣው ከግሪክ ስለሆነ ዝምድናም የላቸውም። «ኖይሰም»ም ከጩኸት ጋር አይገናኝም፤ የሚከረፋ ወይም የሚጎዳ ነገር ይባልበታል፣ ዘመዱም «አኖይ» (ማስቸገር) ነው። እባካችሁ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፦ መጀመሪያ ቃሉ የገባበትን ዓረፍተ ነገር አንብቡ፣ ቀጥሎ ፍቺውን ከመዝገበ ቃላት ያዙ፣ ሥሩን መጨረሻ ላይ ለማስታወሻ ጨምሩ። አብዛኛው ተማሪ ይህን ገልብጦ ነው የሚሄድበት።

ሥሩን በትክክል ማወቅም ብቻውን አያድንም። «ኢግሪጂየስ» ከ«ግሬክስ»፣ ከመንጋ፣ ተለይቶ የወጣ ማለት ነበር። ድሮ ምስጋና ነበር፤ ዛሬ ዓይን ያወጣ ጥፋት የሚባልበት ነው። በድጋፍ ደብዳቤ ላይ አስገብታችሁት መምህራችሁን እንዳትሰድቡ። «ናይስ» (ጥሩ) እንኳ የመጣው «ኔስኪዩስ» ከሚለው፣ አላዋቂ ከሚባልበት ቃል ነው።

በሥሩ ሰው ማረምም ሌላ ስህተት ነው። «ዴሲሜት» መነሻው በሮም ጦር ከአሥር ወታደር አንዱን በዕጣ የመግደል ቅጣት ነው። የሮም ጦር አዛዡ ክራሱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ71 ዓመት፣ ከባሪያዎች አመፅ መሪው ከስፓርታከስ ሠራዊት ፊት በሸሹ ወታደሮቹ ላይ ፈጽሞታል። ዛሬ ግን «አብዛኛውን ማውደም» ትክክለኛ ፍቺው ነው፤ በዚህ መንገድ የተጠቀመ ሰው አልተሳሳተም።

«ኢን» ሁልጊዜ አፍራሽ አይደለም። «ኢንፍሌመብል» ማለት በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው፤ በርሜል ላይ አይቶ «አይቀጣጠልም» ብሎ ክብሪት የሚጭር ሰው ሕይወቱን ያጣል። በማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ላይ «ፍሌመብል» የሚመረጠው ለዚህ ነው።

የላቲን ስም ስትይዙ ሁለቱንም መልክ፣ ባለቤት ሲሆንና አገናዛቢ ሲሆን የሚይዘውን፣ ያዙ፦ ግሬክስ–ግሬጊስ (መንጋ፣ የመንጋ)፣ ሬክስ–ሬጊስ (ንጉሥ፣ የንጉሥ)፣ ፔስ–ፔዲስ (እግር፣ የእግር)። እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ የሚወስደው ሁለተኛውን ነው፤ «ግሪጌሪየስ» (ከሰው ጋር መሆን የሚወድ)፣ «ሪጋል» (ንጉሣዊ) እና «ፔዳል» (በእግር የሚረገጥ) የወጡት ከዚያ ነው። «ፔዲያትሪክስ» (የሕፃናት ሕክምና) ውስጥ ያለው ግን እግር አይደለም፤ ልጅ የሚለው የግሪክ ቃል ነው።

ጣፋጭ ታሪክ ደግሞ ቶሎ አትመኑ። «ሲንሲር» (ቅን፣ ከልብ የሆነ) የመጣው «ያለ ሰም» ከሚለው ነው የሚባለው፣ ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ እጅግ ይጥማል። ማስረጃ ግን የለውም፤ «ሲንኬሩስ» በላቲን ንጹሕ፣ ያልተበረዘ ማለት ነው።