የፔጆ 404 ሞተር የምታሳድሱ፣ ውሃውን አትርሱ

ከድሬዳዋ ሐረር የደንገጎን አቀበት በአሮጌ ፔጆ 404 የምትወጡ ሰዎች፣ ይህን ልብ በሉ። ሞተር ሲታደስ ሁሉም ስለ ፒስተንና ስለ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይጨነቃል። እኔ የምጨነቀው ስለ ውሃው ነው።

የ404 ሲሊንደሮች ተነቃይ ቱቦዎች ናቸው፤ ማቀዝቀዣው ውሃ በቀጥታ ዙሪያቸውን ይነካቸዋል። የድሬዳዋ ውሃ ማንቆርቆሪያችንን ምን እንደሚያደርገው ደግሞ ታውቃላችሁ። ያው ነጭ ድንጋይ ከዝገት ጋር ተደባልቆ በቱቦዎቹ ግርጌ ይጋገራል። የእኔ ሞተር ሲፈታ መካኒኩ በካቻቪቴ ጫፍ ቢፍቀው እንደ ሸክላ ስባሪ እየተሸረፈ አንድ ጣሳ ሞላ።

ስለዚህ ቱቦዎቹ እንደወጡ፣ አዲሱ ማሸጊያ ሳይገባ፣ ግርጌውን አስፍቁ። ሲመለሱም ከሞተሩ ገጽ በላይ በጥቂቱ ብቅ ማለታቸውንና የአራቱም ከፍታ መመጣጠኑን አስለኩ። አንዱ ዝቅ ካለ ጓርኒሲዮኑ (በሞተሩና በላይኛው ክዳኑ መካከል ያለው ማሸጊያ) በዚያ በኩል በደንብ አይጨበጥም፤ ደንገጎ አጋማሽ ላይ ተቃጥሎ ታገኙታላችሁ። ቴስታታው፣ ማለትም የላይኛው ክዳን፣ አሉሚኒየም ስለሆነ ሞተሩ ሲፈላ ይጣመማል፤ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ተጋድሞበት ይታይ።

«አገሩ ሞቃት ስለሆነ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ይዞ ሲሞቅ የሚከፈተው መዝጊያ) ይውጣ» የሚለውን ምክር (የማይሰጠው የለም!) እኔ አልቀበለውም። ከተጠራጠራችሁ የፈላ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ክተቱት፤ ካልተከፈተ ቀይሩት። ራዲያተሩንም አስጠርጉ። በመጨረሻ የቧንቧ ውሃ ሳይሆን አሲድ የሌለበት የተነጠረ ውሃ ከኩላንት ጋር ቀላቅላችሁ ሙሉ።