የሕጻናት ሽንት የኦርጋኒክ አሲድ ውጤት ግራ ሲያጋባ

በሰንዳፋ፣ በሰበታና በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ናሙና የምትወስዱ ባልደረቦቼ፣ የኦርጋኒክ አሲድ ምርመራ (በሽንት ውስጥ ባሉ አሲዶች በዘር የሚተላለፉ የሰውነት ኬሚስትሪ በሽታዎችን የሚፈልግ ምርመራ) ውጤት ግራ ሲያጋባችሁ መሣሪያውን ከመጠርጠራችሁ በፊት የናሙናውን አወሳሰድና የእናትየዋን ጓዳ ጠይቁ።

ሽንቱ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። ይህ ሽታ የሜፕል ሽሮፕ ሽንት በሽታ (ሰውነት አንዳንድ የፕሮቲን ክፍሎችን መሰባበር የሚያቅተው በዘር የሚተላለፍ በሽታ) ምልክት ነው። ይሁን እንጂ እናትየዋ አብሽ ከጠጣች፣ ወይም ለሕጻኑ ለሆድ ቁርጠት የአብሽ ውሃ ከተሰጠው፣ ሽንቱ ያንኑ ጠረን ይይዛል፤ በሁለቱም ሽታውን የሚያመጣው ሶቶሎን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ «እህቴ፣ አብሽ ጠጥተሻል? ለልጁስ ሰጥተሽዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። በበሽታው ጊዜ በሽንት ውስጥ 2-ሃይድሮክሲኢሶቫሌሪክ አሲድ፣ በደም ውስጥ ደግሞ ሉሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ከፍ ይላል፤ አብሽ ግን ሽታውን እንጂ እነዚህን አያመጣም። ሕጻኑ መጥባት ካቆመ ወይም ከዛለ አብሽ ነው ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይላክ።

ሜቲልማሎኒክ አሲድ ጨምሯል። በዘር የሚተላለፍ በሽታ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እናትየዋ ለረጅም ጊዜ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ካልቀመሰች በጡቷ ወተት ውስጥ ያለው ቫይታሚን ቢ12 ያንሳል፤ የሚጠባው ልጅም ይፈዛል፣ ይገረጣል፣ መቀመጥ ጀምሮ ከነበረ ይተወዋል። ከእናትና ከልጅ ደም ወስዳችሁ ቢ12 አስለኩ፤ ሐኪሙ የቢ12 መርፌ ለማዘዝ ውጤቱን መጠበቅ የለበትም። ከሕክምናው በኋላ አሲዱ ካልወረደ በዘር የሚተላለፈውን በሽታ መፈለግ ነው። እናትየዋ በመጾሟ ልጇን የጎዳች እንዳይመስላት አነጋገራችን ይለስልስ፤ እንዲህ የተጎዳ ልጅ የታቀፈች ሴት ወቀሳ አያስፈልጋትም።

ላክቲክና ሱክሲኒክ አሲድ ብቻ ከፍ ብለዋል። ሽንቱ ሙቀት ላይ ውሎ ባክቴሪያ ተራብቶበት ይሆናል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ናሙናው እንደተወሰደ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይቀዝቅዝ፣ በበረዶ ይጓዝ፤ ከቀለጠም ይጻፍበት።

ልጁ ደጋግሞ እያስመለሰው ውጤቱ ንጹህ ነው። ናሙናው የተወሰደው ልጁ ግሉኮስ ተሰጥቶት ካገገመ በኋላ ይሆናል። በቀጣዩ ሕመም ወቅት፣ ሕክምናው ሳይዘገይ፣ የመጀመሪያውን ሽንት ያዙ።

ያልታወቀ አሲድ ከታየ መድኃኒቱን መርምሩ። ቫልፕሮይክ አሲድ (የሚጥል በሽታ መድኃኒት) እና ፓራሲታሞል የራሳቸውን አሻራ ይተዋሉ፤ የመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ ልጁ የወሰደው ሁሉ ይጻፍ፣ አብሹም ጭምር።