ለቶዮታ 86 ቸርኬ ከመግዛታችሁ በፊት

ያገለገለ ቶዮታ 86 ገዝታችሁ ቸርኬ ልትቀይሩ ካሰባችሁ፣ ከውበቱ በፊት ልኩን እዩ። የዳዶ ቀዳዳው 5 በ100 (አምስት ቀዳዳ፣ 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ)፣ የመሃል ቀዳዳው 56.1 ሚሊ ሜትር ነው። የጠበበ ጭራሽ አይገባም። የሰፋ ከሆነ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት አስገቡበት፤ አለዚያ ፍጥነት ስትጨምሩ መሪው ሊንቀጠቀጥ ይችላል።

ዳዶው ላይ ግን አደራ! መኪናው ከሱባሩ ጋር የተሠራ ስለሆነ ጥርሱ 12 በ1.25 (የብሎኑ ውፍረት 12 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.25 ሚሊ ሜትር) ነው። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ያለው 12 በ1.5 ነው፤ ስታዩት አንድ ይመስላል። ያንን ብታስገቡበት ትንሽ ይዞራል፣ ከዚያ ይነክሳል። በጉልበት ከታሰረ የብሎኑን ጥርስ ይበላዋል። ስለዚህ ጎሚስታው ማሽኑን ከማንሳቱ በፊት እያንዳንዱን ዳዶ በእጅ እስከ መጨረሻው አዙሩት። ካስገጠማችሁ በኋላ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ ጥብቀቱን በድጋሚ አስለኩ።