ኤፍቲ8 ላይ ጠርተን ጠርተን መልስ ስናጣ፣ ሳናውቅም ሰው ስንረብሽ

ጆ ቴይለርና ስቲቭ ፍራንክ ኤፍቲ8ን፣ ማለትም አማተር ሬዲዮኞች በኮምፒውተር አጫጭር መልእክት የምንለዋወጥበትን ዲጂታል ዘዴ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ካወጡት ወዲህ ጥሪውን የሚጠራልን ኮምፒውተር ሆኗል። 20 ሜትር በሚባለው ባንድ (የሞገድ ክልል) ላይ አብዛኞቻችን የምንሰበሰበው 14.074 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። ቦታው 3 ኪሎኸርዝ ገደማ ብቻ ስለሆነ የአንዱ ጥፋት ለብዙ ሰው ይተርፋል።

ሁሉም ይታየኛል፣ ሲኪው (ለማንኛውም ጣቢያ የሚደረግ ጥሪ) እጠራለሁ፣ የሚመልስ የለም

መጀመሪያ ሰዓታችሁን እዩ። ኤፍቲ8 የምንሠራበት ፕሮግራም፣ ደብሊውኤስጄቲ-ኤክስ፣ "ዲቲ" (የሰዓት ልዩነት በሰከንድ) በሚለው ዓምዱ ላይ የሁሉም ጣቢያ ቁጥር 1.5 አካባቢ ከሆነ የተዛባው የእናንተ ሰዓት ነው። ከኢንተርኔት ሰዓት ጋር አስተካክሉት። ኔትወርክ በሌለበት ጂፒኤስ ይሠራል።

ሰዓቱ ልክ ከሆነ ግን ሰው ላይ ተደርባችሁ ይሆናል። ኤፍቲ8 በ15 ሰከንድ ተራ ነው የሚሄደው። በምታስተላልፉበት ተራ ምንም አትሰሙም። በዚያው ተራ፣ በዚያው ቦታ ሌላ ሰው ቢጠራ ለሰዓታት አትተያዩም። ሁለታችሁም "ባንዱ ሞቷል" ብላችሁ ትነሳላችሁ።

መፍትሄው ቀላል ነው። አንድ ሁለት ተራ ዝለሉና ዋተርፎሉን (ምልክቶቹን በመስመር የሚያሳየውን መስኮት) ተመልከቱ። አንድ ምልክት የሚይዘው 50 ኸርዝ ነው። ያንን ያህል ባዶ ቦታ ፈልጉና "ሆልድ ቲኤክስ ፍሪክ" (የምታስተላልፉበትን ቦታ የሚያጸናው) ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ በየአስር ደቂቃው እንደገና ዝለሉና እዩ። ሲኪው የጠራውን ሰው እሱ ያለበት ቦታ ላይ ሄዳችሁ አትመልሱለት፤ ሌላውም እዚያው ስለሚሄድ ትጋፋላችሁ።

"ምልክትህ ሦስት ቦታ ይታያል" ይሉኛል

ከኮምፒውተሩ የሚወጣው ድምፅ በዝቷል። 600 ኸርዝ ላይ ስትጠሩ 1200 እና 1800 ላይም ትወጣላችሁ። የሬዲዮው የኤኤልሲ (የሚገባው ድምፅ ሲበዛ የሚቆጣጠረው ክፍል) መርፌ መንቀሳቀስ እስኪያቆም ድምፁን ቀንሱ።

ብርቅ ጣቢያ እጠራለሁ፣ አይሰማኝም

ጣቢያው "ፎክስ" ሆኖ (ብዙ ጠሪዎችን በሚያስተናግድበት ስልት) እየሠራ ከሆነ የእናንተ ጥሪ ከ1000 ኸርዝ በላይ መሆን አለበት። ከታች ያለው የእሱ ነው። የአዲስ አበባው ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ሲወጣ ወረፋው ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ይህን ይረዳል።

ትቼው ሄጄ ስመለስ አሁንም እየጠራ ነው

ይህ በእኔ ደርሷል። አንድ ጣቢያ እየጠራሁ ቡና ላፈላ ተነሳሁ። ስመለስ ጣቢያው ሄዷል፣ የእኔ ማሽን ግን በየተራው ይጠራዋል። አቆምኩት። ልክ በሚቀጥለው ተራ፣ እኔ ስጠራበት በነበረው ቦታ ላይ፣ ቀጭን መስመር ብቅ አለ። ጥንካሬው ከዜሮ በታች 19 ዲሲቤል። ያ ሰው በትንሽ ኃይል ሲለፋ እኔ ላዩ ላይ ተኝቼበት ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ምክንያቱ ዋችዶጉን (ሰው ሳይነካው ሲቆይ ማስተላለፉን የሚያቆመውን ሰዓት ቆጣሪ) ማጥፋቴ ነው። ደብሊውኤስጄቲ-ኤክስ ሲጫን 6 ደቂቃ ላይ ተደርጎ ይመጣል፤ አትንኩት። ከወንበር ስትነሱ "ሆልት ቲኤክስ"ን (ማስተላለፍ ማቆሚያውን) ተጫኑ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሕጉንም እወቁ፦ ያለ ሰው በራሱ ጥሪ የሚጀምር የዲጂታል ጣቢያ 20 ሜትር ላይ የተፈቀደለት ከ14.095 እስከ 14.0995 እና ከ14.1005 እስከ 14.112 ነው። 14.074 እዚህ ውስጥ የለም። መሃል ላይ የተዘለለችው 14.100 የዓለም አቀፎቹ ቢከኖች (ሞገድ እስከ የት እንደሚደርስ ለማሳየት በራሳቸው የሚያስተላልፉ ጣቢያዎች) ናት። 18ቱ ጣቢያዎች፣ የኬንያው 5ዜድ4ቢ ጭምር፣ አሥር አሥር ሰከንድ ተራ ተካፍለውባታል። እዚያ ላይ በፍጹም አትጥሩ።