መሪን በቃሉ ስንገሥጽ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጀማሪ ሰባኪዎችን ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆነኝ፣ እና ስለ አገር መሪ ስብከት ሲያዘጋጁ ሁሌ ያው ስህተት ነው የሚመጣው፣ ሰሞኑን አንዱን ስሰማ አላስቻለኝምና ልጻፈው አልኩ።

"የቀባኋቸውን አትዳስሱ" ብሎ አፍ ማዘጋት። ይሄ ጥቅስ ለዚህ ሲውል በሰማሁ ቁጥር ያመኛል። እስቲ መዝሙር 105ን ከቁጥር 12 ጀምራችሁ አንብቡት፣ የሚያወራው በቁጥር ጥቂት ሆነው ከሕዝብ ወደ ሕዝብ ስለተንከራተቱት አባቶች ነው፣ እግዚአብሔር ስለእነሱ ነገሥታትን ገሠጸ ነው የሚለው! ነገሥታት የተገሠጹበትን ቃል እንዴት ንጉሥ እንዳይገሠጽ መከልከያ እናደርገዋለን? ዳዊትም ሳኦል ላይ እጄን አላነሣም አለ እንጂ ዝም አላለም፣ 3000 ሰው አስከትሎ ያሳድደው ለነበረው ንጉሥ ከዋሻው ወጥቶ ጮኾ "እግዚአብሔር በእኔና በአንተ መካከል ይፍረድ" ብሎታል።

ሮሜ 13ን፣ ባለሥልጣንን የሚቃወም የእግዚአብሔርን ሥርዓት ይቃወማል የሚለው ቁጥር 2 ላይ መዝጋት። ቁጥር 4 ድረስ ሂዱ፣ ባለሥልጣኑን አገልጋይ ነው የሚለው፣ አገልጋይ ደግሞ ተጠያቂ ነው። ራሱ ጳውሎስ ፊልጵስዩስ ላይ ያለ ፍርድ ገርፈው አስረውት በስውር ሊለቁት ሲሉ እምቢ፣ ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ።

ስድብን ትንቢት ማለት። ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊት ፊት ሲቆም መልኩን፣ አነጋገሩን፣ ዘሩን አላነሣም። ኦርዮን አስገደልክ፣ ሚስቱን ወሰድክ አለው፣ አለቀ።

ያልተጣራ ወሬ ይዞ መድረክ መውጣት። ንጉሥ አክዓብ የወይን ቦታውን የተመኘበት ናቡቴ እኮ የሞተው በሐሰት ምስክር ነው፣ ያውም ጾም ታውጆ፣ ሁለት ሰዎች "እግዚአብሔርንና ንጉሡን ሰደበ" ብለው መስክረውበት። ስለ መሪው ስልካችን ላይ ያየነውን ሳናጣራ የምንናገር ከሆነ ይህን ያቀነባበረችውን የአክዓብን ሚስት የኤልዛቤልን መሣሪያ ነው ያነሣነው፣ ሰውየው ክፉ ቢሆንም እንኳን።

አሁን ዋናው ላይ ልምጣ። የሌላውን ወገን መሪ ብቻ መገሠጽ። ስንቴ አየሁት! የማንወደው ሰው ሲነግሥ ሁላችንም ደፋር ነን፣ የእኛ ሰው ሲመጣ ግን ያው ግፍ "ጊዜው ከብዶበት ነው፣ እንጸልይለት" ይሆናል። ለአንዱ ተግሣጽ ለአንዱ ጸሎት ማን ከፋፈለው? ሁለቱም ለሁለቱም ይገባል። እኔም አድርጌዋለሁ። የማልወደው መሪ በነበረ ጊዜ የናቡቴን ታሪክ በአንድ ዓመት ሦስቴ ሰብኬዋለሁ፣ ድምፄ እስኪዘጋ ድረስ። ከዛ የምወደው ሰው መጣ፣ ድሆች ከመሬታቸው ሲነሡ እኔ ስለ ትዕግሥት አስተምር ነበር። አንድ ቀን ከጉባኤ ስወጣ አንዲት እናት እጄን ይዘው "መምህር፣ ናቡቴን ተዉት እንዴ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፣ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ነቢዩ አሞጽን እዩት፣ ደማስቆ፣ ጋዛ፣ ጢሮስ፣ ኤዶም፣ አሞን፣ ሞዓብ እያለ የጎረቤቱን ኃጢአት ሁሉ ዘረዘረ፣ ቀጥሎ ይሁዳ አለ፣ እስራኤል ላይ ሲደርስ ግን አልፎ አልሄደም፣ የመጽሐፉ ብዙው ክፍል እዛው ላይ ነው። ከዛች ቀን ወዲህ ስብከቱን ጽፌ ስጨርስ የመሪውን ስም አውጥቼ የምወደውን ሰው ስም አስገባበታለሁ። እጄ እምቢ ካለኝ ስብከቱን አልሰብከውም።

በግል የሚነገርበት መንገድ እያለ ከአደባባይ መጀመር። መጥምቁ ዮሐንስ ሄሮድስን "አልተፈቀደልህም" ብሎ በዚሁ ሞተ፣ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ግን በ390 እ.ኤ.አ. የሮሙ ንጉሠ ነገሥት የቴዎዶስዮስ ወታደሮች ተሰሎንቄ ላይ ሕዝብ ሲፈጁ የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስ በገዛ እጁ፣ ንጉሡ ብቻ እንዲያነበው ብሎ ነው ደብዳቤ የጻፈለት፣ አንተ ባለህበት ቁርባን ማቅረብ አልችልም አለው። ንጉሡ በሕዝብ ፊት ንስሐ ገባ።

ስብከትን የፓርቲ ቅስቀሳ ማድረግ፣ ይሄን አታድርጉ፣ በቃ።

የመጨረሻው፣ መሪው ሲመለስ ማኩረፍ። አክዓብ ማቅ ለብሶ ሲጾም እግዚአብሔር ራሱ ኤልያስን "እንደተዋረደ አየህን?" አለው፣ ቅጣቱንም በእሱ ዘመን አላመጣም። እና መሪው አንድ በደል ካረመ፣ በደሉን በተናገራችሁበት መድረክ መታረሙንም ተናገሩ፣ በዛው ድምፅ።