የሰብዕና መጠይቅን ለሠራተኞች ዕድገትና ምደባ በፍትሐዊነት ስለመጠቀም

ለዕድገት ውድድር የሰብዕና መጠይቅ ለማስሞላት ያሰበ የሰው ሀብት ክፍል ከሁሉ አስቀድሞ የሥራ መዘርዝሩን አውጥቶ ማንበብ ይኖርበታል። ለዋና ገንዘብ ያዥነት የሚፈለገው ጥንቃቄና ሥርዓት አክባሪነት ሆኖ ሳለ ተወዳዳሪዎችን በተጫዋችነታቸው ማበላለጥ ተገቢ አይደለም፤ ከሥራው ተግባር ጋር ሊያያዝ የማይችል ባሕርይ ባይለካ ይሻላል።

ቀጥሎ መጠይቁ ይመረጣል። ሰውን በ16 ዓይነት የሚከፍለው ማየርስ ብሪግስ የተባለው መጠይቅ በሥልጠና አዳራሾች እጅግ ቢወደድም፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው ለቅጥር ማጣሪያነት እንዳይውል ያሳስባሉ (ለመተዋወቂያና ለጨዋታ ከሆነ ማንም አይከለክልም)። አምስቱን ዐበይት የሰብዕና ገጽታዎች (ለአዲስ ነገር ክፍት መሆንን፣ ጥንቃቄን፣ ተግባቢነትን፣ ተስማሚነትንና የስሜት መረጋጋትን) በደረጃ የሚለካው ዓይነት የተሻለ የምርምር ድጋፍ አለው፤ ሆኖም ከሥራ ውጤት ጋር ያለው ዝምድና መጠነኛ ስለሆነ ብቻውን ሊወስን አይገባም።

በእኛ አገር ብዙ ጥፋት የሚፈጸመው በትርጉም ላይ ነው። «በብዙ ሰው መካከል ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ቢያርፍ ግድ አይሰጠኝም» የሚል ዐረፍተ ነገር የቀረበለት፣ ራስን ማሳየት ነውር ነው ተብሎ በይሉኝታ ያደገ ሠራተኛ «በፍጹም አልስማማም» የሚለውን ቢያከብብ፣ መልሱ ከመሪነት ብቃቱ ይልቅ አስተዳደጉን ይናገራል። ስለዚህ መጠይቁ በአንድ ሰው ተተርጉሞ በሌላ ሰው ወደ ምንጩ ቋንቋ ይመለስ፤ ከዚያም ለጥቂት ሠራተኞች ተሰጥቶ እያንዳንዱን ጥያቄ እንዴት እንደተረዱት በቃል ይጠየቁ። ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ አፉን የፈታበት ሠራተኛም በሚቀለው ቋንቋ የመመለስ ዕድል ያግኝ። የውጤቱ ማነጻጸሪያ የውጭ አገር ሕዝብ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ በጥርጣሬ ይታይ።

አማካዩ 50፣ መደበኛ ልይይቱ (የሰዎች ውጤት ከአማካዩ የሚርቅበት መጠን) 10፣ አስተማማኝነቱ (ከ0 እስከ 1 የሚለካው የውጤቱ ወጥነት) 0.8 በሆነ መጠይቅ የአንድ ሰው ውጤት መደበኛ ስሕተት፣ ማለትም በመለኪያው ጉድለት ብቻ ከእውነተኛው ውጤት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊርቅ የሚችልበት የተለመደ መጠን፣ 4.5 ገደማ ነው። 58 ያገኘችውን በ55 ካገኘው ማስቀደም እንግዲህ በመለኪያው ስሕተት ውስጥ ያለን ልዩነት እንደ ብልጫ መቁጠር ነው።

ከውድድሩ በኋላ የማለፍ መጠን በፆታና በመሳሰለው ይነጻጸር። አሜሪካ በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጣችው መመሪያ የአንዱ ቡድን የማለፍ መጠን ከከፍተኛው ቡድን መጠን 80 በመቶ በታች ሲወርድ በአብዛኛው ምርጫው ያን ቡድን እንደሚጎዳ ማስረጃ ተደርጎ ይቆጠራል ይላል። ከ50 ወንዶች 30፣ ከ40 ሴቶች 18 ቢያልፉ መጠኑ 60 እና 45 በመቶ፣ ንጽጽሩም 75 በመቶ ነው። ይህ መለኪያ በአገራችን ሕግ ባይሆንም፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በፆታ ልዩነት ማድረግን ስለሚከለክል ቀድሞ መፈተሹ ለአሠሪው ይበጀዋል።

ሠራተኛው መጠይቁ ለምን እንደሚሞላ፣ ውጤቱን ማን እንደሚያይና መቼ እንደሚሰረዝ ከመሙላቱ በፊት በጽሑፍ ይነገረው፤ ለሥልጠና ተብሎ የተሰበሰበ መልስ ቆይቶ ለቅነሳ መዋል የለበትም። ውጤቱ ሲደርሰውም «ይህ አይገልጸኝም» ካለ፣ የቅርብ ኃላፊው ተቃውሞውን በሥራ ላይ ካየው ምሳሌ ጋር አገናዝቦ ሁለቱንም በማኅደሩ ያያይዛል።